ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ፤ ዕድሜው ነው ወይስ ኪሎ ሜትሩ የሚታየው?

በ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ

በቅሎ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ኮቴዋን ያነሣል፤ የኮርቻ ቍስል እንዳለባት ጀርባዋን ይዳስሳል፤ በመጨረሻም ጥቂት እርምጃ ያስኬዳታል። ሻጩ «ገና ልጅ ናት» ቢለው ጥርሷ እውነቱን ይናገራል፤ «ሥራ አልበዛባትም» ቢለው ጀርባዋ ይመሰክራል። ዕድሜና ድካም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፥ ሁለቱም በየራሳቸው ምልክት እንደሚታወቁ አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ይህ ጥበብ ዛሬም የሚያስፈልግበት አዲስ ገበያ መጥቷል። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ ጐዳናዎች ላይ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ሄደዋል። አገራችን ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ፥ የኤሌክትሪክን ኃይል ግን በአብዛኛው የምታገኘው ከራሷ ወንዞች ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ይህን ኃይል እጅግ አሳድጎታል። ነገር ግን አዲስ መኪና ለመግዛት ዐቅሙ የማይፈቅድለት ቤተ ሰብ ብዙ ስለ ሆነ ያገለገለውን መፈለጉ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ከደላላው ጋር የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ነው። አንደኛው መኪና በዕድሜው አርጅቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ፥ ሁለተኛው በዕድሜው ወጣት ሆኖ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በክፍል ውስጥ በተማርነው ፊዚክስና ኬሚስትሪ እየተረዳን ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው።

የነዳጅ መኪና ልማድ ለምን ያሳስታል?

በነዳጅ የሚሠራ ሞተር የእሳት ቤት ነው። በውስጡ ፒስተኑ በየደቂቃው በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ይመላለሳል፤ ዘይቱ ይጠቍራል፤ ካንዴላው ይቃጠላል፤ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮውም ቀስ በቀስ ይበላሉ። ስለዚህ በዚህ ዐይነት መኪና የድካሙ ሁሉ መዝገብ የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ነው፤ ገዢውም ከሁሉ አስቀድሞ «ስንት ሄዷል?» ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን እሳት የለበትም። የሚሽከረከረው ክፍል አንድ ሲሆን የሚነካካውም በኩሽኔታው ላይ ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት መለወጥ፥ ካንዴላ መቀየር የሚባል ነገርም የለም። ስለዚህ ብዙ ኪሎ ሜትር መሄድ ሞተሩን እንደ ነዳጁ ሞተር አያደክመውም። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ፥ እየደከመ የሚሄደውም ባትሪው ነው። እንግዲህ «ዕድሜው ወይስ ኪሎ ሜትሩ?» የሚለው ጥያቄ በእውነቱ ስለ ባትሪው የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ባትሪ የሚያረጀው በምን ምክንያት ነው?

በእነዚህ መኪናዎች የምናገኘው የሊቲየም አዮን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓን አገር ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ሦስቱ ሊቃውንት፥ ጆን ጉዲናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አሠራሩን በቀላሉ ለመረዳት በባትሪው ውስጥ ሁለት ጐተራዎች አሉ እንበል። አንደኛው ጐተራ ከግራፋይት፥ ሁለተኛው ኒኬልን፥ ኮባልትን፥ ማንጋኒዝን ወይም ብረትን ከያዘ ውሑድ የተሠራ ነው። ባትሪውን ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም ቅንጣቶች ከሁለተኛው ጐተራ ወጥተው ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፤ ስንነዳ ደግሞ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። የባትሪው መጠን ማለት በሁለቱ ጐተራዎች መካከል ሊመላለስ የሚችለው የሊቲየም ብዛት ነው። ባትሪው አረጀ ማለትም ከተመላላሾቹ ጥቂቶቹ በመንገድ ቀሩ፥ ወይም ጐተራው ራሱ ተሰነጣጠቀ ማለት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል።

አንደኛው የጊዜ እርጅና ነው። መኪናው ቆሞ ቢውል ቢያድርም በግራፋይቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ያድጋል። ይህ ሽፋን ለባትሪው መከላከያ ስለሚሆነው ፈጽሞ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በወፈረ ቍጥር ከሚመላለሰው ሊቲየም እየወሰደ ያስቀራል። በመጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ያድጋል፤ ኋላ ግን ሽፋኑ ራሱ መንገዱን ስለሚዘጋው ዕድገቱ ይዘገያል። ይህን እርጅና የሚያፋጥኑት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ሙቀትና ባትሪው ዘወትር ጢም ብሎ ሞልቶ መቆየቱ ናቸው። ስለዚህ መቶ በመቶ ተሞልቶ በፀሐይ ላይ የቆመ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያረጃል።

ሁለተኛው የሥራ እርጅና ነው። ቅንጣቶቹ ሲገቡና ሲወጡ ጐተራው ያብጣል፥ ይኰማተራልም፤ ይህ ሲደጋገም ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። የሥራ እርጅና የሚለካው በሙሉ ዙር ነው። ባትሪው ከመቶ እስከ ዜሮ አንድ ጊዜ ቢራገፍ አንድ ዙር ይባላል፤ በሁለት ቀን ግማሽ ግማሹን ብንጠቀምበትም ያው አንድ ዙር ነው።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ስሌት አለ። አንድ ትንሽ መኪና 24 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢኖረውና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፥ በአንድ ዙር 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሌላው መኪና 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይዞ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ቢፈጅ፥ በአንድ ዙር 375 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አሁን ሁለቱም 90,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል እንበል። የትንሹ ባትሪ 562 ዙር ሠርቷል፤ ትልቁ ግን የሠራው 240 ዙር ብቻ ነው። በቈጣሪያቸው ላይ የሚነበበው ቍጥር አንድ ሲሆን ድካማቸው ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ስለዚህ የባትሪውን መጠን ሳያውቁ ኪሎ ሜትሩን ብቻ መጠየቅ፥ የጫነችውን ሳይጠይቁ በቅሎዪቱ ስንት ቀን እንደ ተጓዘች እንደ መጠየቅ ነው።

መኪናው የት ኖረ?

ሙቀት ምን ያህል እንደሚጐዳ የታወቀ ምሳሌ አለ። ኒሳን ሊፍ የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለገበያ ሲወጣ ባትሪው የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነበር። በ2012 በአሜሪካ አገር በአሪዞና በረሓ የሚኖሩ ባለቤቶች፥ መኪናቸው ብዙ ጊዜ ሳይቆይ የሚሄደው ርቀት እንዳጠረ አመለከቱ። ከዚያም በኋላ ኩባንያው ለባትሪው መጠን የ5 ዓመት ወይም የ96,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋስትና ጨመረ። ያው መኪና በቀዝቃዛ አገሮች ግን የተሻለ ዕድሜ ነበረው። ብዙዎቹ ሌሎች ኩባንያዎች ባትሪውን በሚዘዋወር ፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ፤ ይህም የሙቀቱን ጕዳት በጣም ይቀንሳል።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባ የታደለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ስለ ተቀመጠች አየሯ ለባትሪ እንደ ጓዳ የቀዘቀዘ ነው። ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በድሬዳዋ ወይም በአፋር ቈላ አምስት ዓመት የኖረ መኪና ግን በአዲስ አበባ አምስት ዓመት ከኖረው ጋር እኩል አይቈጠርም። ስለዚህ ገዢው «ስንት ዓመት ኖረ?» ካለ በኋላ «የትስ ኖረ?» ብሎ ይጠይቅ።

የአሞላሉም ልማድ ሊጠየቅ ይገባዋል። በቤት ሶኬት ሌሊቱን ቀስ ብሎ የተሞላ ባትሪ፥ በየቀኑ በታላቅ ኃይል በፍጥነት ከሚሞላው ያነሰ ይደክማል። እንደ ታክሲ ሲሠራ የቆየ መኪና በዕድሜው ወጣት ቢሆንም ባትሪው ይህን ዐይነት ኑሮ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ለጠቅላላ ግምት የሚረዳ ቍጥርም አለ። ጂኦታብ የተባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ጥናት፥ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በአማካይ በዓመት 1.8 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብዙ አምራቾችም ባትሪያቸው በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ70 በመቶ በታች እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን ይህ ዋስትና ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ ወደኛ ለመጣ መኪና ይሠራ እንደ ሆነ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ መተማመን አይገባም።

በግምት ሳይሆን በመለኪያ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከመዋዋል መለካት ይቅደም ማለት ይቻላል። መለኪያው ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው፥ መካኒክ ከመኪናው ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ማንበብ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ የሌለው ሰው ሊያደርገው የሚችል የመንገድ ፈተና ነው፤ እርሱም እንዲህ ነው።

መኪናው 80 በመቶ ሲሞላ የጉዞውን ቈጣሪ ወደ ዜሮ መልሶ መነሣት ነው። 50 በመቶ እስኪደርስ ከነዱ በኋላ የሄዱበትን ኪሎ ሜትርና በ100 ኪሎ ሜትር የፈጀውን ኪሎ ዋት ሰዓት ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ ያነቡታል። ሁለቱን አባዝቶ ለ100 ሲያካፍሉ የጠፋው ኃይል ይገኛል። ይህም የባትሪው 30 በመቶ ስለ ሆነ ለ0.30 ሲካፈል አሁን ያለው መጠን ይታወቃል። የባትሪው ዐይነት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሆነ ግን የመቶኛው ቍጥር መሐሉ ላይ ሊያታልል ስለሚችል፥ ከሙሉ ተነሥቶ እስከ 20 በመቶ ያህል መንዳት ይሻላል። ሻጩ ለዚህ ፈተና የሁለት ሰዓት ጊዜ ካልሰጠ፥ አለመስጠቱ ራሱ አንድ መልስ ነው።

አንድ የተፈተነ ምሳሌ

እኛ ቤት በዚህ ዓመት ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አባቴ ለብዙ ዓመት ያጠራቀሙትን ከዕቍብ ከወጣላቸው ጋር ደምረው መኪና ለመግዛት ሲነሡ፥ ሁለት መኪናዎች ቀረቡላቸው። የመጀመሪያው 8 ዓመት የሆነው፥ 45,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ፥ ባትሪው አዲስ ሳለ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝና በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ሁለተኛው 4 ዓመት የሆነው፥ 110,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፥ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝና በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ «ይህ መኪና ከጊቢ አልወጣም፤ እንደ አዲስ ይቈጠራል» ሲሉ፥ የሁለተኛው ሻጭ ስለ ኪሎ ሜትሩ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ሁለቱንም ፈተንናቸው። የመጀመሪያው ከ80 እስከ 50 በመቶ 66 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለ ፈጀ የጠፋው 9.9 ነው፤ ለ0.30 ሲካፈል 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም ከ40ው 82 በመቶ ያህል ነው። ሁለተኛው 105 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በ16 ሲባዛ የጠፋው 16.8፥ የባትሪውም መጠን 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ። ይህም ከ60ው 93 በመቶ ነው። በዙር ብናሰላው የመጀመሪያው 169፥ ሁለተኛው 293 ዙር ሠርተዋል። ጥቂት የሠራው ይበልጥ ደክሞ የተገኘው፥ የጊዜ እርጅናው በእጥፍ ስለ በለጠና ማቀዝቀዣውም ደካማ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ በባትሪ ጤንነት ብዙ የሄደው ወጣት መኪና በግልጥ አሸነፈ።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አላለቀም። የሁለተኛው ዋጋ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፥ እርሱን ለመግዛት አባቴ ብድር መግባት ነበረባቸው። እናቴ ይህን ሲሰሙ «የምንሄደውን መንገድ አስቀድማችሁ ቍጠሩ» አሉ። ቈጠርነው። አባቴ ሥራ ደርሰው፥ እኛንም ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመለሱበት መንገድ በቀን 45 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው መኪና በደከመ ባትሪው እንኳ 220 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በየዓመቱ ሁለት ሁለት በመቶ እየቀነሰ ቢሄድ ከአምስት ዓመት በኋላ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ ይህም የቀኑን መንገድ አራት ጊዜ ይሸፍናል።

የሚያሳስበው አያቴ የሚኖሩበት ደብረ ብርሃን ነበር። እርሱ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ደርሶ መልሱ 260 ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ዳገት አለው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ወደ 450 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍ ለማድረግ፥ በፊዚክስ እንደ ተማርነው ክብደቱን በ9.8ና በ450 ስናባዛ 7 ሚሊዮን ጁል፥ ማለት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ለመንገዱ 19.5 ሲጨመርበት መሄጃው 21.5 ይሆናል፤ ከ33ቱ የሚተርፈው 11.5 ነው። በዚህ መመለስ አይቻልም። ነገር ግን አያቴ ቤት ሳናድር ተመልሰን ስለማናውቅ፥ ከቤት ሶኬት በ10 አምፔርና በ220 ቮልት ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሞላ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቀዳል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 20 ያህሉ ወደ ባትሪው ይገባል። ይህም ለመመለሻ ይበቃል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ አንድ ቀን መጨመር ግድ ነው፤ አያቴ ግን ይህ በስልክ ሲነገራቸው ጕዳቱ ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም።

እናቴ ነገሩን ሁሉ ሰምተው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ። አባቴም አሮጌውን መኪና ገዙ፤ ነገር ግን «እንደ አዲስ ይቈጠራል» በተባለበት ዋጋ አይደለም። የ82 በመቶውን ስሌት ወረቀቱ ላይ ለሻጩ አሳይተው፥ ከዋጋው የሚገባውን ያህል አስቀንሰው ነው። ብድር ሳይገቡ ቀሩ፤ ከተረፈው ገንዘብም ጥቂቱን ወደ ፊት ለሚመጣው ጥገና ለይተው አስቀመጡ። የአባቴ መንገድ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ፥ ወይም መኪናው የታክሲ ሥራ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፥ ትክክለኛው ምርጫ ያለ ጥርጥር ሁለተኛው ይሆን ነበር።

ሌሎች ሊታዩ የሚገባቸው

ከባትሪው ሌላ የሚከተሉትን መመርመር ይገባል። አንደኛ፥ ባትሪው ከመኪናው ወለል በታች ስለሚገኝ፥ መኪናውን አንሥቶ ሆዱን ማየት ያስፈልጋል፤ በድንጋይ የተመታና የጐደጐደ ቢሆን ከበቅሎዋ ጀርባ ቍስል የባሰ ምልክት ነው። ሁለተኛ፥ የቻርጅ መሰኪያው ዐይነት ነው። የቻይና፥ የአውሮፓና የጃፓን መሰኪያዎች ይለያያሉና፥ በምንኖርበት አካባቢ ካለው መሙያ ጋር መግጠሙን መሞከር ነው። ሦስተኛ፥ የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ስለ ሆነ ጐማውን ቶሎ ይበላል፤ ጐማውንና ሾክ አብዞርበሩን ማየት ነው። አራተኛ፥ ፍሬኑ ነው። ይህ መኪና ሲዘገይ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራው ብዙ አይበላም፤ ስለዚህ በመሥራት ሳይሆን ሥራ በመፍታት ዝጎ ሊገኝ ይችላል። አምስተኛ፥ ለመብራትና ለመቈለፊያ የሚያገለግለው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሲደክም መኪናው ትልቁ ባትሪ ሞልቶም ላይነሣ ይችላል። ስድስተኛ፥ ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣ መኪና ጽሑፉ በቻይንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ ሌላ ቋንቋ ይቀበል እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በመጨረሻም የኪሎ ሜትር ቈጣሪ ሊነካካ ስለሚችል፥ የመሪው ልባስ፥ የወንበሩ ጠርዝና የፍሬኑ መርገጫ ከተባለው ኪሎ ሜትር ጋር መስማማታቸውን ማስተዋል ይጠቅማል።

ባጭሩ

መለካት ካልተቻለና በሁለቱ መካከል በግምት መፍረድ ግድ ከሆነ፥ ትልቅ ባትሪና የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ያለው ወጣት መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ቢሄድም ከአሮጌውና ጥቂት ከሄደው አብዛኛውን ጊዜ ይመረጣል። መለካት ከተቻለ ግን ዕድሜውም ኪሎ ሜትሩም ምስክሮች ብቻ ናቸው፤ ፍርዱን የሚሰጠው በባትሪው ውስጥ የቀረው መጠን ነው። ከዚህም በላይ የሚቀድመው የራስን የቀን መንገድ ማወቅ ነው፤ ለ45 ኪሎ ሜትር መንገድ የ350 ኪሎ ሜትር መኪና በብድር መግዛት፥ ለአንድ እፍኝ እህል ትልቅ ጐተራ እንደ መሥራት ይሆናል።

የተወደዳችሁ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከማባዛትና ከማካፈል፥ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያልፍ ነገር የለም። ወላጆቻችን ለእኛ ትምህርት የከፈሉትን ሲያስቡ ትርፉን የሚጠብቁት ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እነርሱ ከደላላ ፊት በሚቆሙበት ቀን እርሳስና ወረቀት ይዘን ከጐናቸው ብንቆም፥ ጥቂቱን ዛሬውኑ ልንከፍላቸው እንችላለን።